ከውጭ የተቆለፈው ክፍል

አያቴ አንገቱ ላይ ቁልፍ ያደርግ ነበር። የሰፈራችን ሽማግሌዎች መስቀል በሚያንጠለጥሉበት ጥቁር ክር እሱ አንዲት የጓጉንቸር ቁልፍ አንጠልጥሎ ይዞራል። የድሬዳዋ ሙቀት ሲበረታ ሸሚዙን ያወልቅና ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ያኔ ቁልፏ ላብ ባራሰው ደረቱ ላይ ተለጥፋ ትታያለች። ደርግ ወድቆ፣ እሱም ከጉምሩክ ጥበቃ ሥራው ተሰናብቶ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውልበት ዘመን ነበር። እኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነው።

«አባባ፣ የምን ቁልፍ ነው?»

«የቤት።»

«የእኛ ቤት?»

«የእኛ ነበር። ከጅጅጋ ማዶ።»

ከዚህ በላይ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እናቴ ከጓዳ ትጠራኛለች። ውሃ አምጪ፣ ሽንኩርት ላጪ፣ ብቻ የሆነ ነገር አይጠፋም።

ስለ አያቴ ሚስት፣ ስለ እናቴ እናት ማለቴ ነው፣ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እኔ ልጅ ሳለሁ ታማ ሞተች» ትላለች እናቴ፤ አለቀ። ፎቶዋ የለም። መቃብሯ የት እንደሆነ የሚናገር የለም። በሰፈራችን የመጨረሻ ድሃ የሚባለው እንኳ ለእናቱ ተዝካር ሲያወጣ፣ በእኛ ቤት የዚያች ሴት ስም ተነሥቶ አንድ ዳቦ ሲቆረስ አላየሁም። ልጅ ሆኜ ይህ እንግዳ ነገር መሆኑ አይገባኝም ነበር። የሌለ ሰው የለም፤ በቃ።

አያቴ ሲሞት የሚገንዙት ሰዎች ቁልፏን ከአንገቱ ሊፈቱ እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ተዉት» አለች። «አብራው ትሂድ።»

እንባ አልነበራትም። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ከጤና ኮሌጅ ተመረቅሁ፤ ዕጣ ሲወጣ ጅጅጋ ደረሰኝ። ለእናቴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«ሌላ ቦታ መለወጥ አይቻልም?»

«ምነው?»

«ነፋስ ይበዛበታል።»

«አንቺ ደግሞ ጅጅጋን የት ታውቂያለሽ?»

 ምስሩን መልቀም ቀጠለች፤ ግን ጠጠሩንም ምስሩንም አንድ ላይ ስታፈስ አየኋት።

ነፋሱ እውነት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲነሣ አቧራውን ከሜዳው ጠርጎ ያመጣና በከተማው ላይ ይደፋዋል፤ ፌስታል እየበረረ አጥር ላይ ይሰቀላል፤ ባጃጆች የፕላስቲክ መጋረጃቸውን ያወርዳሉ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከነፋሱ ሌላ ያልለመድኩት ነገር ሰዎች የሚያዩኝ አስተያየት ነበር። እንግዳ ሰው ሲያዩ እንደሚያዩት አይደለም። የሚያውቁትን ሰው ያላሰቡት ቦታ ሲያገኙት እንደሚያዩት ነው።

አንድ ቀን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት እጄን ያዝ አድርጋ በሶማሊኛ ብዙ አወራችኝ። አይገባኝም ብላት ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። ስደጋግምላት እጄን ለቀቀች፣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ወደ ሱቋ ገባች። ሌላ ጊዜ የባጃጅ ሹፌር በመስታወቱ እያየኝ፣

«ዕቃሽን እኮ ሳትወስጂ ቀረሽ» አለኝ።

«የምን ዕቃ?»

«ያስቀመጥሽውን ነዋ።» ከዚያ ዞር ብሎ ልብ ብሎ አየኝ። «ወላሂ፣ ይቅርታ» አለ። መንገዱን በሙሉ ግን ዓይኑን ከመስታወቱ አልነቀለም።

የባሰው የሕፃኗ ነው። ከገበያው መውጫ ላይ ገና በእግሯ መሄድ የጀመረች ልጅ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች። «ሆዮ» አለችኝ። እማዬ ማለቷ ነው፤ ይህን ያህል ሶማሊኛ ያን ጊዜም አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ ስታየኝ ትደነግጣለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ልጆች ተሳስተው የሌላ ሰው ቀሚስ ሲይዙ እንደዚያ ነው። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና ይበልጥ ተጠጋችኝ። አንዲት ጠና ያለች ልጅ ሮጣ መጥታ አቅፋ ወሰደቻት። ሕፃኗ በትከሻዋ ላይ ሆና እስክትሰወር ድረስ እጇን ትዘረጋልኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ብዙ ቆየሁ። ፊቴን የሆነ ሰው ቀድሞኝ የተጠቀመበት መሰለኝ።

የሥራ ጓደኛዬ የጅጅጋ ልጅ ናት። ስነግራት አቃለለችብኝ። «መልክሽ የሶማሌ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም» አለችኝ። በዚያ ዓመት የፖሊዮ ዘመቻ ሲመጣ አንድ ቡድን ሆነን ተመደብን። መኪናው ከቶጎጫሌ መንገድ ገባ ያለች አንዲት መንደር አውርዶን ሄደ። ከቤት ቤት እየዞርን ለሕፃናት ጠብታ እንሰጣለን፣ ጣታቸውን በቀለም እንነካለን፣ ከዚያ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን እናልፋለን።

መንደሯ ቆርቆሮና ጭራሮ ናት። ከመካከሏ ግን አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ቆሟል። ሶማሌዎቹ ዳር ይሉታል፤ የድንጋይ ቤት ማለት ነው። በድሮ ዘመን አንድ የመናዊ ነጋዴ እንደሠራው ይነገራል። አንድ ግቢ ከበው የተደረደሩ ክፍሎች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ በር፣ ከጣሪያው ሥር ትንሽ የአየር ማስገቢያ፣ ከግቢው መሃል የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ቢርካ። ክፍሎቹ ከጥንት ጀምሮ ሲከራዩ የኖሩ ናቸው። ድሮ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ኋላ ነጋዴና ሹፌር፣ ከዚያም ከስደት የተመለሰው ሁሉ ኖሮባቸዋል። በአንዱ በር ላይ የአንዱን ዘመን ቀለም፣ በሌላው ላይ የሌላውን ታያለህ።

ስንገባ ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር ተናገረች። ጓደኛዬ ከት ብላ ሳቀች።

«መቼ መጣሽ ነው የምትልሽ። ደግሞ ይህ ነጭ ጋውን ምንድን ነው ትላለች።»

አልሳቅሁም። በየበሩ እየዞርን ሕፃናቱን ጨረስን። ከግቢው ጥግ አንድ በር ቀረ። ሳንቃው ግራጫ ሆኗል፤ ላዩ ላይ ዝገቱ የተላጠ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከደፉ ሥር አቧራው ሳይረገጥ ተከምሯል። ሰው የማይኖርበትን ክፍል እንዲሁ ማለፍ እንችል ነበር፤ እኔ ግን እንደ ልማዴ በጠመኔው ጫፍ ሳንቃውን መታ መታ አደረግሁት።

ከውስጥ፣ ቅርብ ከሆነ ቦታ፣ የሴት ድምፅ በጥርት ያለ አማርኛ፣

«ማነው?» አለኝ።

ጓደኛዬን አየኋት። ሰምታለች፤ ዓይኗ ፈጥጦ ጓጉንቸሩን እያየች ነበር። ልብስ የምታጥበው ሴት እጇን ከሳሙናው አውጥታ ቆማለች።

«ሰው አለ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጓደኛዬ አስተረጎመችልኝ። ሴትዮዋ የመለሰችው አጭር ነው። «ማንም የለም። ያ በር ተከፍቶ አያውቅም።»

እግሬ ሂጂ ሂጂ ይለኛል፤ ግን አልተነቃነቅሁም። ያን ጊዜ ቀጥሎ ያለው ክፍል በር ተከፈተ፤ በልብሷና በሻሿ ላይ ነጭ የግድግዳ ትቢያ የተነሰነሰባት አሮጊት ብቅ አለች። ፀሐዩን በእጇ ከልላ አየችኝ። መጀመሪያ እንደ ሌላው ሰው፣ እንደሚያውቀኝ ሰው ነበር ያየችኝ። ቀስ በቀስ ፊቷ ተለወጠ። መጥታ አገጬን ያዘች፤ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«አንቺ የእኔ ልጅ አይደለሽም» አለች በአማርኛ። አማርኛዋ ዝጎ የቆየ ነገር ነበር፤ ቃሉን እየፈለገች ነው የምታወጣው። «የትልቋ ነሽ። የትልቋ ልጅ።»

እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙ አናውቅም፤ በእሷም ቋንቋ ውስጥ የለም። ስለዚህ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንቺ ተባብለን ኖርን። አየዮ እላታለሁ፤ አያቴ ማለት ነው።

ወደ ክፍሏ አስገባችን። ምንጣፍ፣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ የሻይ ማፍያ። ከጥጉ በኩል ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ገለጠችው። ከኋላው ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበር፤ ድንጋዮቹ ጫፋቸው በእጅ መታከክ ብዛት ለስልሷል። ቀዳዳው ወደ ተቆለፈው ክፍል ይገባል።

«አቧራም ነፋስም አይገባበትም። ቀትር ላይ እዚያ እቀመጣለሁ» አለች። አማርኛው ሲያልቅባት ወደ ሶማሊኛ ተሻገረች፤ ጓደኛዬ እየተከተለች ታስተረጉምልኛለች። «በዚያ በኩል ሰው አንኳኩቶ አያውቅም። ድሮ ሲንኳኳ እሷ ‹ማነው?› ትል ነበር። ዛሬ ስታንኳኪ ከአፌ የወጣው የእሷ ቃል ነው። እኔ አይደለሁም የተናገርኩት።»

«እሷ ማን ናት?»

አሮጊቷ ነገረችኝ።

በዚያ በተቆለፈው ክፍል የጉምሩክ ጥበቃ ከሚስቱና ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ሚስቱና አሮጊቷ ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤት ነበሩ፤ አንዷ ሻይ ስታፈላ ግድግዳውን ታንኳኳለች፣ ሌላዋ ትመጣለች። ልጅቷ ከአሮጊቷ ልጆች ጋር ድብብቆሽ ስትጫወት ነው የምትውለው። የሶማሊያ ጦር ሲመጣ መንደሩ በጠዋት ተናወጠ።

«ባሏ የመንግሥት ሰው ነው። ከተገኘ ይገድሉታል። አንድ የጭነት መኪና ተገኘ፤ ሰው በሰው ላይ ተጭኗል። እሷን ደግሞ ያን ቀን ምጥ ይዟታል። እዚያ ላይ ብትወጣ መንገድ ላይ ትሞታለች። ልጅቷን ጅጅጋ ላድርስና መኪና ይዤ እመጣለሁ አላት። ከውጭ የቆለፈው ባዶ ቤት እንዲመስል ነው፤ ክፉ አስቦ አይደለም። ቆሜ አይቼዋለሁ። ቁልፉን ሲያዞር ልጅቷ ቀሚሷን ነክሳ ታየዋለች።»

መንገዱ ተዘጋ። አልመጣም።

«ግድግዳውን መደብደብ ጀመረች። የሻይ ማንኳኳት አልነበረም። በሩን ልስበር ብል ታጣቂው በመንገዱ ያልፋል፤ ያያል። ቢርካውን ስንቆፍር የነበረ ድጅኖ ነበረኝ። ከዚህ ጀመርኩ። ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይላላል። ጎትቼ አወጣኋት። ሕፃኗ እዚህ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተወለደች።»

ሳላስበው ከምንጣፉ ላይ ተነሣሁ። አሮጊቷ ሳቀችብኝና እጄን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

አያቴ፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት፣ ሕፃኗ መሳቅ እስክትጀምር በሕይወት ቆየች። ከዚያ ትኩሳቱ ወሰዳት። አሮጊቷ የራሷም የሚጠባ ልጅ ነበራት፤ ሁለቱን አንድ ላይ አጠባች። የሟቿን ስም ትርጉም ታውቅ ነበርና ያንኑ ስም በሶማሊኛ ለሕፃኗ አወጣችላት። ጦርነቱ ሲዞር ቀዳዳውን በጭቃ ደፍና፣ ሕፃናቱን ይዛ ወደ ሐርጌሳ ሸሸች። ሐርጌሳም በተራዋ ስትቃጠል በስደት ተመለሰች፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ተመልሳ እዚሁ ክፍል ገባች። ጓጉንቸሩ እንደ ተንጠለጠለ አገኘችው። ሴት ተቆልፎባት የቀረችበት ክፍል ነው ስለተባለ ሌባ እንኳ አልነካውም።

«ለምን አልሰበርሽውም?» አልኳት።

«ግድግዳው የእኔም ስለሆነ ከፈትኩት። በሩን የቆለፈው ባሏ ነው። መክፈት የእሱ ነው።»

ለእናቴ የደወልኩት በማግሥቱ ጠዋት ነው። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም ነበርና ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ፤ የድንጋይ ቤት፣ ቢርካ፣ በጥግ ያለ በር። 

«በሩን ከፈትሽው?»

«አልከፈትኩም።»

«እንዳትከፍቺው።»

«እማዬ፣ ውስጥ ማንም የለም።»

«አለች» አለች እናቴ።

ይህን ያለችበትን ድምፅ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ጓዳ ውስጥ ስላለ ሰው እንደምታወራ ነበር ያለችው።

ከዚያ አያቴ ሊሞት ሲል የነገራትን ነገረችኝ። ጦርነቱ እንዳለቀ ወደ መንደሯ ተመልሷል። ግቢው ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። ጓጉንቸሩን ራሱ እንደ ቆለፈው አገኘው። ቁልፉን አወጣ፣ ወደ ቁልፍ ቀዳዳው አስጠጋ፣ እጁ እምቢ አለው። «ከከፈትኩት ሞታለች። ካልከፈትኩት አላውቅም» ብሎ አሰበ፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ ድሬዳዋ ተመለሰ። እናቴ ከዚያ በኋላ ያቺ ክፍል የእናቷ መቃብር መሆኗን አምና ነው የኖረችው። መቃብር ያልተባለ መቃብር፤ ቁልፉ በአባቷ ደረት ላይ።

«እማዬ፣ ስሚኝ። ጎረቤቷ ግድግዳውን አፍርሳ አውጥታታለች። ልጇም ተወልዳለች። እህት አለሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ይሁን እሷ ትሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

አክስቴን ያገኘኋት ቶጎጫሌ ነው። ድሪያ የሚባለውን የሶማሌ ቀሚስና ሻሽ የምትሸጥበት ሱቅ ነበራት። ከጓደኛዬ ጋር ከሚኒባስ ወርደን በጭነት መኪኖቹ መካከል ስንመጣ በሱቁ ደጃፍ ቆማ ትጠብቀን ነበር፤ አሮጊቷ ልካባት ነበርና ታውቃለች። ሰው የራሱን ፊት ከመስታወት ውጪ ማየት የለበትም። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ወፈር ትላለች፤ ግን ቅንድቧ፣ የጉንጯ አጥንት፣ አፏን ገጠም የምታደርግበት መንገድ፣ ሁሉም የእኔ ነበር። ያኔ ከታላቅ እህቷ ጋር ጅጅጋ ገበያ ሄዳ ቀሚሴን የያዘችው ሕፃን ከእግሯ ሥር ቆማ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን ታያለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ አክስቴ በገበያ አማርኛዋ። «ሰው ሁሉ ጅጅጋ አየንሽ፣ ሰላም ስንልሽ ዘጋሽን ይለኛል። እኔ ቶጎጫሌ ቁጭ ብዬ! በመልክሽ የምትዞር ጂን አለች አሉኝ። ቁርዓን አስቀራሁብሽ እኮ።»

እኔ እሷን ስፈራ እሷም እኔን ስትፈራ ከርመናል። ተቃቅፈን ሳቅን፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። በሶማሊኛ የእናት እህት ሀበርያር ትባላለች። ትንሿ እናት ማለት ነው።

እናቴ እስክትመጣ ወራት ወሰደ። ትነሣለች፣ ትቀራለች፤ አንዴ ወገቧን፣ አንዴ ቤት የሚጠብቅ ሰው መታጣቱን ምክንያት ታደርጋለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ሳትነግረኝ ጅጅጋ መናኸሪያ ደርሳ ደወለችልኝ። በማግሥቱ እሷ፣ አክስቴና እኔ ወደ መንደሯ ሄድን። መንገድ ላይ ሁለቱ እህትማማቾች ጎን ለጎን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። እናቴ በመስኮቱ ሜዳውን ታያለች፤ አክስቴ እናቴን ታያለች።

ግቢው በር ላይ እናቴ ቆመች። ጓጉንቸሩን ከዚያ ሆና አየችው። ወደ እሱ አልሄደችም፤ ዓይኗን ሳትነቅል በቢርካው ዳር ዞራ ወደ አሮጊቷ ክፍል ገባች። አሮጊቷም ብርድ ልብሱን ገልጣ ቀድማ ገባች። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ እናቷ በወጣችበት ቀዳዳ ገባች። እኛም ተከተልን።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ከላይ ካለው የአየር ማስገቢያ የሚወርደው ብርሃን የብረት አልጋውን እግሮች ብቻ ያሳያል። ከበሩ ጀርባ፣ ከውስጥ በኩል፣ ሳንቃው ላይ የጥፍር ጭረት ነበር። ሁላችንም አየነው።

አሮጊቷ በሶማሊኛ አንድ ነገር ጠየቀች። እናቴም በሶማሊኛ መለሰችላት።

ደንግጬ ግድግዳውን ያዝኩ። እናቴን በሕይወቴ አንድ ቃል ሶማሊኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ድሬዳዋ ገበያ ውስጥ ሶማሌ ነጋዴዎች ሲያነጋግሯት አይገባኝም ብላ ታልፋለች። አሁን ቃሉ እየተሽቀዳደመ ይወጣል። ድምጿ ደግሞ የእሷ ድምፅ አልነበረም። ቀጭን ነው፤ እየተቆራረጠ የሚሮጥ፣ ከጎልማሳ ሴት አፍ የሚወጣ የትንሽ ልጅ ድምፅ። አሮጊቷ በአንድ ዓይኗ እያለቀሰች በሌላው ትስቃለች።

«ምን ሆና ነው?» አልኳት አክስቴን።

«ያኔ በምትችለው ልክ ነው የምታወራው» አለችኝ አክስቴ በሹክሹክታ። «የትንሽ ልጅ ሶማሊኛ ነው። ‹ር› እንኳ አልተስተካከለላትም።»

«ምን እያለች ነው?»

«‹ሂጂ ስላሉኝ ነው የሄድኩት። እኔ መቆየት ፈልጌ ነበር› ነው የምትላት።»

ከዚያ ስንወጣ ወደ መቃብሩ ሄድን። ከመንደሯ ጀርባ፣ ከግራሮቹ ሥር፣ ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ አፈር። አሮጊቷ በአማርኛዋ ቃል ፈልጋ፣ «የእናንተን ጸሎት አላውቅም ነበር። የእኛን ቀራንላት» አለች። እናቴ ጎንበስ ብላ የተንከባለለ ድንጋይ ወደ ቦታው መለሰች። «ደርሷታል» አለች፤ በራሷ ድምፅ፣ በአማርኛ። በዚያ ዓመት በእኛ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተዝካር ወጣ፤ አክስቴም ልጆቿን ይዛ መጣች።

አሮጊቷ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፈች። የግቢው ባለቤትም ሱቆች ሊሠራበት ቤቱን አስፈረሰው። አክስቴ ለማየት ሄዳ ነበር። ግድግዳው ሁሉ ወርዶ ያ በር ከነመቃኑ፣ ከነጓጉንቸሩ፣ ከኋላው ክፍል ሳይኖር ለብቻው ቆሞ እንደነበር፣ ሠራተኞቹም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በዙሪያው ሲሠሩ ውለው እሱን የመጨረሻ እንዳደረጉት ነገረችኝ።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲጥል እሷም ከመስኮቱ ሥር ጋደም ትላለች፤ እንቅልፍ ሲወስዳት በሶማሊኛ ታወራለች። ስትነቃ ብትጠይቃት ምንም አታስታውስም። ባለፈው አክስቴ ለዒድ ሰሞን መጥታ አብረን ሰማናት። እናቴ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትስቃለች። እንደገና ትጠይቃለች፣ ትጠብቃለች።

«ምንድን ነው የምትለው?»

አክስቴ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። «ጨዋታ ነው» አለች። «ድብብቆሽ። ‹ልምጣ?› ትላለች።»

«ማንን ነው የምትጠይቀው?»

 እናቴ ዝም ብላ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ከዚያ የሆነ ሰው መልስ የሰጣት ይመስል በእንቅልፏ ራሷን ነቀነቀች።